ሽታውን በዕጣን አትሸፍኑት



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ቡና ተፈልቶ ሰው በተሰበሰበበት የሚወራ አይደለም። ሰው ቤት ሄደን ሲያጋጥመን በይሉኝታ ዝም እንላለን። በራሳችን ቤት ሲሆን ደግሞ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት መስኮት ከፍተን፣ ዕጣን አጭሰን እናልፈዋለን። ነገሩ የፍሳሽ ሽታ ነው።

ያነሳሳኝ አንዲት የሁለት ልጆች እናት የላከችልኝ ደብዳቤ ነው። የምትኖረው በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከባለቤቷ፣ ከልጆቿና ከአማቷ ጋር ነው። «ቤቴ ሦስት ወር ሙሉ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል» ትላለች። «ጠዋት ጠዋት ይብሳል። በረኪና ገዝቼ አልጠግብ አልኩ። ሠራተኛዬን መታጠቢያ ቤቱን በደንብ አላጠብሽም ብዬ ሁለት ጊዜ ተቆጣኋት፤ በሁለተኛው አለቀሰች። አማቴ ምንም አይሸተኝም ይላሉ፤ ግን እኔን ደስ እንዲለኝ ብለው ማታ ማታ ዕጣን ያጨሳሉ። የስድስት ዓመት ልጄ ደግሞ ጓደኞቼን ቤት አላመጣም አለችኝ።»

በአንድ ሽታ ምክንያት በአንድ ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንደተከፋ አያችሁ? ሠራተኛዋ ባልሠራችው ጥፋት ተወቀሰች፤ ልጅቱ በቤቷ አፈረች፤ እናትየዋ ደግሞ ገንዘቧንም ትዕግሥቷንም ጨረሰች። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። የቤት ሽታም እንደዚያው ነው፤ ምንጩን ካልፈለጉለት በስተቀር የሚጠፋበት መንገድ የለም።

አማትየዋ አልዋሹም

መጀመሪያ ስለ አፍንጫችን ልንገራችሁ። ሰው አንድ ሽታ ውስጥ ሲቆይ አፍንጫው ይለምደዋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሽታው የሌለ ይመስለዋል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ የማሽተት አቅም በራሱ ይቀንሳል። ስለዚህ «ምንም አይሸተኝም» ያሉት አያት እውነታቸውን ነው። በቤት ውስጥ ይበልጥ ልናምነው የሚገባን አፍንጫ ከውጭ የገባ ሰው አፍንጫና የልጅ አፍንጫ ነው። ልጅ «ይሸታል» ሲል «ነውር ነው፣ ዝም በይ» ከማለት «የት ጋ ነው የሚሸትሽ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ራሳችሁ ልትፈልጉ ካሰባችሁ ከአንድ ቀን በፊት ዕጣኑንም፣ የሽታ ማጥፊያውንም፣ በረኪናውንም አቁሙ። በርና መስኮት ተዘግቶ ይደር። ጠዋት ወደ ውጭ ወጥታችሁ ጥቂት ንጹሕ አየር ከተቀበላችሁ በኋላ ተመለሱና ክፍል ለክፍል ዙሩ። ሽታው የት እንደሚበረታ፣ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ውሃ ከተለቀቀ በኋላ ነው ወይስ ቤቱ ዝም ባለበት ሰዓት የሚለውን በወረቀት ያዙ። ይህ ማስታወሻ ነገ ባለሙያ ብትጠሩ ብዙ ሰዓትና ብዙ ብር ያድንላችኋል።

አስቀድሞ የጋዝ ሲሊንደሩ ይታይ

ቧንቧ ከመፈተሻችን በፊት ግን አንድ ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ። የማብሰያ ጋዝ በራሱ ሽታ የለውም። ሲያፈስ እንድናውቀው ሆን ተብሎ መጥፎ ሽታ ይጨመርበታል፤ ያ ሽታ ደግሞ ከተበላሸ እንቁላል ወይም ከበሰበሰ ጎመን ጋር ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው ከፍሳሽ ጋር ያምታታዋል። ሽታው ወጥ ቤት ውስጥ፣ በሲሊንደሩ አካባቢ ከሆነ ክብሪት አትጫሩ፤ መብራት አታብሩ፣ የበራውንም አታጥፉ። የሲሊንደሩን መዝጊያ ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ልጆችንና አረጋውያንን ይዛችሁ ውጡ። የቧንቧው ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አንድ ስኒ ውሃ የሚሠራው ሥራ

ጋዙ አለመሆኑ ከታወቀ ወደ ፍሳሹ እንመለስ። በፍሳሽ መስመርና በሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ቆሻሻው ሲበሰብስ ልዩ ልዩ ጋዞች ይፈጠራሉ። እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይባላል። ከእሱ ጋር ምንም ሽታ የሌለው ነገር ግን እሳት የሚይዘው ሚቴን አብሮ ይኖራል።

እነዚህ ጋዞች ወደ ቤታችን እንዳይገቡ የሚከለክላቸው ውሃ ነው። ከእጅ መታጠቢያው ሥር ጎንበስ ብላችሁ ብትመለከቱ ቧንቧው ቀጥ ብሎ ወደ ግድግዳ አይገባም። ወደ ታች ይወርድና ታጥፎ እንደገና ወደ ላይ ይወጣል፤ ወይም እንደ ጠርሙስ የሰፋ ነገር አለው። ይህ ሲፎን የምንለው ነው። እዚያ እጥፋት ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ተኝቶ ይቀራል፤ ያ ውሃ እንደ በር ሆኖ ጋዙን ይዘጋዋል። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ውስጥ የምታዩት ውሃም ሥራው ይኸው ነው። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ አሌክሳንደር ከሚንግ የሚባል በለንደን ይኖር የነበረ የስኮትላንድ ሰዓት ሠሪ ይህን የታጠፈ ቧንቧ ከሽንት ቤት ጋር አቀናጅቶ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1775 ነበር። ዛሬም ከዚያ የተሻለ ቀላል ነገር አልተገኘም።

ችግሩ ውሃ ይተናል። አንድ ማፍሰሻ ለሳምንታት ውሃ ካልፈሰሰበት በሲፎኑ ውስጥ ያለው ውሃ ቀስ እያለ ይደርቃል፤ በሩም ይከፈታል። ውሃ በወረፋ በሚመጣበት ሰፈር፣ ወለል በውሃ ከመታጠብ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ በሚወለወልበት ቤት ይህ በቀላሉ ይደርሳል።

ነገሩ ከሽታ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የሳርስ ወረርሽኝ በሆንግ ኮንግ ሲከሰት አሞይ ጋርደንስ በተባለ የመኖሪያ መንደር ከ300 በላይ ነዋሪዎች ታመሙ፤ ከእነርሱም 42ቱ ሞቱ። መርማሪዎች ከጠቆሟቸው ምክንያቶች አንዱ የመታጠቢያ ቤት ወለል ማፍሰሻዎች ሲፎን መድረቁ ነው። ነዋሪዎቹ ወለሉን በጨርቅ ይወለውሉ ስለነበር ውሃ ወደ ማፍሰሻው አይገባም ነበር። የአየር ማውጫ ማራገቢያው ሲከፈት በበሽታው የተበከለ አየር በደረቁ ማፍሰሻዎች በኩል ወደየቤቱ ይሳብ ነበር። በየቤታችን እንዲህ ያለ ወረርሽኝ አለ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ያ ጥቂት ውሃ ምን ያህል ትልቅ ሥራ እንደሚሠራ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

ከጤፍ በርሜል ሥር

ደብዳቤ ወደ ጻፈችልኝ እናት ቤት የሄድኩት በቧንቧ ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆዩ አንድ ባለሙያ ይዤ ነው። ባለሙያው እንደገቡ መፍቻ አላወጡም። «እመቤት፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣላችኋል?» ብለው ጠየቁ። ቀጥለው «በዚህ ቤት ውስጥ ውሃ መውረጃ የሆነ ቀዳዳ ስንት ነው?» አሉ።

እናትየዋ ቆጠረች፤ አምስት አለች። የእጅ መታጠቢያው፣ ሻወሩ፣ ሽንት ቤቱ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ወለልና የወጥ ቤቱ ሲንክ። ባለሙያው አንድ ጆግ ውሃ አስመጥተው በአምስቱም ላይ እያፈሰሱ ዞሩ፤ የሲንኩንም ሥር በእጃቸው ዳሰሱ። ሁሉም ደኅና ነበሩ። ከዚያ ወደ በረንዳው ተመለከቱና «እዚያስ?» አሉ።

በረንዳው ከዓመት በፊት በመስታወት ተዘግቶ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል። የጤፍ ዱቄት በርሜሉ ሲነሳ ከሥሩ ለልብስ ማጠቢያ ተብሎ የተተወ ማፍሰሻ ተገኘ። በረንዳው ክፍት በነበረ ጊዜ ልብስ ይታጠብበት፣ ዝናብም ይገባበት ስለነበር ሲፎኑ ደርቆ አያውቅም። ከተዘጋ በኋላ ግን ጠብታ ውሃ አልነካውም። ባለሙያው ጎንበስ ብለው አሸተቱና ፊታቸውን አዞሩ። «ይኸው፣ ሲሰድባችሁ የከረመው» አሉና ጆጉ ውስጥ የቀረውን ውሃ ገለበጡበት። በሚቀጥለው ቀን እናትየዋ ደውላ ሽታው መጥፋቱን ነገረችኝ። ሠራተኛዋንም ይቅርታ እንደጠየቀቻት ጨምራ ነገረችኝ፤ ከሁሉ ያስደሰተኝ እሱ ነው።

እናንተስ ከየት ትጀምራላችሁ?

ያ ቤት ዕድለኛ ነበር። የሁሉም ቤት ሽታ በአንድ ጆግ ውሃ አይጠፋም። ባለሙያው ያስተማሩኝን ቅደም ተከተል ወጪ ከሌለው ጀምሬ ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ በቤታችሁ ያለውን ማፍሰሻ ሁሉ ቁጠሩ። ከማቀዝቀዣ ሥር፣ ከልብስ ማጠቢያ ማሽን ጀርባ፣ ከእንግዳ ሽንት ቤት፣ ከሠርቪስ ቤት የተረሳ አይጠፋም። በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሊትር ያህል ውሃ አፍስሱ፤ አንድ ቀን ጠብቁ።

ሁለተኛ፣ ውሃ ተጨምሮም ሽታው ከቀጠለ እያንዳንዱን ማፍሰሻ በፌስታል ሸፍናችሁ ጠርዙን በፕላስተር አሽጉ፤ እንዲሁ ይደር። ጠዋት አንድ በአንድ እየከፈታችሁ አሽትቱ። ጥፋተኛው ሲከፈት ራሱን ያጋልጣል። ሁሉም ታሽጎ ቤቱ አሁንም የሚሸት ከሆነ ምንጩ ማፍሰሻ ሳይሆን ከግድግዳ ውስጥ የተሰነጠቀ ቧንቧ ወይም ከውጭ የሚገባ አየር ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ሲፎኑን አጽዱ። አንዳንዴ የሚሸተው ከመስመሩ የመጣ ጋዝ ሳይሆን እዚያው የተጠራቀመ ፀጉር፣ የሳሙና ዝቃጭና የወጥ ቅባት ነው። ባልዲ ከሥር አስቀምጡ፣ ሲፎኑን በእጅ ፈትታችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጉት። ስትመልሱት ጎሚኒው ቦታውን መያዙን አረጋግጡ። በእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ያለችውን ትርፍ ውሃ መውረጃ ቀዳዳም አትርሷት፤ ብዙ ቆሻሻ ይደበቅባታል።

አራተኛ፣ የሽንት ቤቱን መቀመጫ በሁለት እጅ ይዛችሁ በቀስታ ግፉት። ከተነቃነቀ፣ ወይም ዙሪያው ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ለቋል ማለት ነው። ጠርዙን በነጭ ሲሚንቶ መለጠፍ ለጊዜው ይደብቀው ይሆናል እንጂ አያድነውም፤ መቀመጫው ተነስቶ ማሸጊያው መቀየር አለበት።

አምስተኛ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያላችሁ የማሽኑ ማፍሰሻ ጎማ የት እንደገባ ተመልከቱ። ግድግዳ ውስጥ ወዳለ ቧንቧ ዝም ብሎ ተሰክቶ ዙሪያው ክፍት ከሆነ፣ ያ ቧንቧ ደግሞ ሲፎን ከሌለው፣ ሌት ተቀን የተከፈተ በር ነው።

ስድስተኛ፣ ጆሯችሁን ስጡ። ከላይ ያለው ጎረቤት ውሃ ሲለቅ የእናንተ ማፍሰሻ ቡልቅ ቡልቅ ካለ ችግሩ የአየር ማስወጫው ቧንቧ ነው። ከላይ የሚወርደው ውሃ አየር ይፈልጋል። የሕንፃው የፍሳሽ ቧንቧ ጣሪያ ላይ ክፍት ሆኖ ካልተነፈሰ አየሩን ከእናንተ ሲፎን ይስባል፤ ከአየሩም ጋር ውሃውን ይጠጣዋል። በየቀኑ ውሃ እየጨመራችሁ በየቀኑ የሚደርቅባችሁ ለዚህ ነው። የወፍ ጎጆ፣ ቅጠል፣ ጣሪያ ሲጠገን የተጣለ ክዳን ሊዘጋው ይችላል። አንዳንድ ቤት ደግሞ ቧንቧው ከጣሪያው በላይ ሳይወጣ ኮርኒስ ውስጥ ቀርቶ ይገኛል፤ ሽታው ያኔ ከላይ ይወርዳል።

አንድ ትንሽ ማስጠንቀቂያም አለ። የሚሸተው ሙቅ ውሃ ሲከፈት ብቻ ከሆነ ውሃውን በብርጭቆ ቀድታችሁ ወደ ሌላ ክፍል ወስዳችሁ አሽትቱት። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ የሚሸት ከሆነ ፍሳሹን ተዉትና ቦይለሩን አስመርምሩ።

ሴፕቲክ ታንኩ ጋ ቀልድ የለም

በግቢ ቤት የምንኖር ሰዎች ብዙዎቻችን «ሴፍቲ ታንከር» የምንለው ጉድጓድ አለን። ሲሞላ ሽንት ቤቱ ውሃውን ቀስ ብሎ ይውጣል፣ ማፍሰሻዎቹ ይንተከተካሉ፣ ግቢው ይሸታል። በክረምት መሬቱ ውሃ ስለሚጠግብ ጉድጓዱ ቶሎ የሞላ ይመስላል። ጊዜው ሲደርስ መምጠጫ መኪና መጥራት ነው፤ ከጠገበ በኋላ ከመሯሯጥ ክረምት ሳይገባ ማስመጠጥ ይሻላል።

እዚህ ላይ ግን ቃሌን ጠንከር አድርጌ ልናገር። ማንም ሰው፣ በምንም ምክንያት፣ ወደዚያ ጉድጓድ አይግባ፤ አንገቱንም አያስገባ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በጥቂቱ ሲሆን ገና ከመነሻው ይሸተናል። ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል፤ ሰው «ሽታው ጠፋ» ብሎ ሲደፋፈር በጥቂት ትንፋሽ ራሱን ስቶ ይወድቃል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ በጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል። በዓለም ዙሪያ እንዲህ ባሉ ጉድጓዶች ከሚሞቱት ውስጥ ብዙዎቹ አስቀድሞ የወደቀውን ሊያወጡ ተከትለው የገቡ ወንድም፣ ልጅ፣ ጎረቤት ናቸው። ሰው ከወደቀ ተከትላችሁ አትግቡ፤ ጩኹ፣ የእሳትና አደጋ መከላከል ሠራተኞችን ጥሩ።

ክዳኑም ይታይ። የተሰነጠቀ ሲሚንቶ፣ በቆርቆሮ የተሸፈነ አፍ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ግቢ አብረው አይሄዱም። ሚቴን እሳት ስለሚይዝ በክብሪት ወይም በሻማ ብርሃን ወደ ጉድጓድ ማየትም ክልክል ነው።

ሌላው አደጋ ከራሳችን መደርደሪያ የሚወጣ ነው። ሽታው አልሄድ ሲል በረኪና፣ በላዩ አሲድ የምንጨምር አለን። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ሳንባ ያቃጥላል። በተለይ አስም ላለበት ልጅና ለአረጋውያን ክፉ ነው። አንዱን ከተጠቀማችሁ ሌላውን ተዉት።

ቤት ውስጥ የሚሸተን መጠን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጉድጓዱ አይደለም። ቢሆንም ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የዓይን መቆጥቆጥ ሊያስከትል ይችላል። ከቤት ወጥታችሁ ስትውሉ የሚሻላችሁ፣ ስትመለሱ የሚነሳባችሁ ከሆነ ቤቱን ጠርጥሩ። ሐኪም ጋ ስትሄዱም ስለ ሽታው ንገሩ።

የጋራ ቧንቧ፣ የጋራ ጉዳይ

በኮንዶሚኒየም የአንዱ ሽታ የሌላው ነው፤ ወደ ላይ የሚወጣው ቧንቧ አንድ ነውና። ጣሪያ ላይ የተደፈነውን አየር ማስወጫ፣ ደረጃው ሥር የሞላውን ማንሆል አንድ ቤት ብቻውን አይጠግነውም። ይህን ጉዳይ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ አንሱት። ማፈር አያስፈልግም፤ እናንተ ስትናገሩ «እኛም ቤት አለ» የሚል ጎረቤት ታገኛላችሁ። ከቅጥሩ ውጭ ያለው የመንገድ መስመር ሲሞላ ወይም ሲገነፍል ደግሞ ለአካባቢያችሁ የውሃና ፍሳሽ ቅርንጫፍ ማመልከት ነው።

ባለሙያ ስትጠሩም «ሽታውን አጥፋልኝ» አትበሉ፤ «ምንጩን አሳየኝ» በሉ። የሚሸተውን ቦታ በዓይናችሁ ካሳያችሁ በኋላ ሥራውና ዋጋው ይነጋገራል። ግድግዳ ወይም ሴራሚክ እናፍርስ የሚል ካለ በፊት የፌስታሉ ፈተና መደረጉን ጠይቁ።

ለዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ቀላል ነው። እሑድ ጠዋት አንድ ጆግ ውሃ ለልጃችሁ ወይም ለልጅ ልጃችሁ ስጡና ቤት ውስጥ ያሉትን ማፍሰሻዎች አብራችሁ እየቆጠራችሁ አጠጧቸው። ልጆች የተደበቀ ነገር መፈለግ ይወዳሉ፤ አፍንጫቸውም ከእኛ ይበልጣል። ውሃ በወረፋ የሚመጣላችሁ ለዚህ የሚሆን አንድ ጀሪካን የልብስ እጣቢ ብታስቀምጡ ይበቃል፤ ለዚህ ሥራ ንጹሕ ውሃ ማባከን አያስፈልግም። ክፍለ ሀገር ወይም ውጭ አገር ለረጅም ጊዜ የምትሄዱ ደግሞ ቤቱን ከመዝጋታችሁ በፊት ውሃውን ጨምራችሁ በላዩ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጉበት፤ ዘይቱ ተንሳፎ ውሃው ቶሎ እንዳይተን ይይዘዋል።

ዕጣኑንም አልከለከልኩም። ለቡናችሁና ለበዓላችሁ አጭሱት፤ ሽታ መሸፈኛ አታድርጉት እንጂ።

ሳምንት እስክንገናኝ ሰላም ሰንብቱ።